ትዌይትስን በስሙ ጥሩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ባለፈው ሳምንት ስለ አንታርክቲካ በረዶ መቅለጥ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ጉዳዩን ለአማርኛ አንባቢ ማቅረባችሁ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ከርዕሱ እስከ መጨረሻው መስመር የበረዶ ግግሩ የተጠራው «የዓለም ፍጻሜ ግግር» እየተባለ ብቻ ነው። ትክክለኛ ስሙም ሆነ በዚያ ሰፊ አህጉር በየት በኩል እንደሚገኝ አንድ ቦታ እንኳ አልተጠቀሰም። አብሮ የወጣው ፎቶ ደግሞ የነጭ ድብ ነው፤ ነጭ ድብ የሚኖረው በሰሜን ዋልታ ዙሪያ እንጂ አንታርክቲካ ውስጥ አይደለም። ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የግግሩ ስም ትዌይትስ ነው። በምዕራብ አንታርክቲካ፣ ማሪ ቢርድ ላንድ ከሚባለው ምድር ወደ አሙንድሰን ባሕር ይፈስሳል። ስፋቱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በምድራችን ላይ በስፋት የሚስተካከለው ግግር የለም። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ የተሰየመውም በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር በነበረው የጂኦሎጂ ሊቅ በፍሬድሪክ ትዌይትስ ነው። ሰውየው ያጠና የነበረው የጥንት ግግሮች ቀልጠው ሲጠፉ በመሬት ላይ ጥለውት የሄዱትን አሻራ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ያለ መታሰቢያ ይገባዋል እላለሁ።

በዙሪያው ስላሉት ስሞች ግን እንዲህ ለማለት ይከብደኛል። ማሪ ቢርድ ማለት አሜሪካዊው አሳሽ ሪቻርድ ቢርድ በ1929 ምድሩን የሰየመባት ሚስቱ ናት። ግግሩ ከባሕር የሚገናኝበት የዎልግሪን ጠረፍ የተሰየመው የቢርድን ጉዞ በገንዘብ በደገፈ የቺካጎ የመድኃኒት መደብሮች ባለቤት ነው። ፓይን አይላንድ የተባለው ባሕረ ሰላጤም ስሙን ያገኘው ከአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነው። ነዋሪ በሌለበት ምድር ስም የሚያወጣው ቀድሞ የደረሰና ገንዘብ ያለው ነው። በ1959 የተፈረመው የአንታርክቲካ ስምምነት የባለቤትነት ጥያቄዎችን ባሉበት ስላቆማቸው፣ ዛሬም ስም የሚያጸድቅ አንድ አካል የለም፤ እያንዳንዱ አገር በራሱ ኮሚቴ ይሰይማል። የአንታርክቲካን ባሕረ ገብ መሬት እንግሊዞች ግራሃም ላንድ፣ አሜሪካኖች ፓልመር፣ ቺሊዎች ኦሂጊንስ፣ አርጀንቲናዎች ሳን ማርቲን ሲሉት ኖረው፣ እንግሊዝና አሜሪካ በዛሬው ስም የተስማሙት በ1964 ነው። ደስ ያለኝ በ2021 የሆነው ነው። ከትዌይትስ በስተምዕራብ ያሉ ዘጠኝ ግግሮች የአየር ንብረት ጉባኤዎችና ስምምነቶች በተካሄዱባቸው እንደ ኪዮቶ፣ ሪዮ፣ ፓሪስና ግላስጎው ባሉ ከተሞች ተሰይመዋል።

«የዓለም ፍጻሜ» የሚለውን ቅጽል ያወጣው አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነው፤ በ2017 ለመጽሔት በጻፈው ዘገባ። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ አንባቢ ወይ ይደነግጣል፣ ወይ «የፈጣሪ ሥራ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ምን እየሆነ እንዳለ አያስረዱትም። ግግሩ የተኛበት ወለል ከባሕር ጠለል በታች ነው፤ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥርም እየጠለቀ ይሄዳል። ሞቅ ያለ ጥልቅ የባሕር ውሃ ከሥሩ እየገባ ያቀልጠዋል። በ2020 ተመራማሪዎች 600 ሜትር ገደማ ውፍረት ያለውን በረዶ በሙቅ ውሃ በስተው አይስፊን የተባለ ቀጭን ሮቦት አወረዱ። የበረዶው ሆድ ለጥ ያለ ሳይሆን ደረጃ ደረጃና ስንጥቅ የበዛበት ሆኖ ተገኘ። ለጥ ባለው በኩል የሚቀልጠው ከተገመተው ያነሰ ነው፤ በስንጥቆቹና በደረጃዎቹ ግድግዳ ግን በፍጥነት ይሸረሸራል። ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለምን ባሕር በ65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያደርጋል። ይህ በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም፤ አሥርተ ዓመታትና ምዕተ ዓመታት የሚወስድ ነው። የእኛም ገቢና ወጪ ዕቃ በአብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ስለሆነ ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዘገባችሁ ርዕሱ ላይ ትዌይትስ ተብሎ ይጻፍ። ቅጽሉ ካስፈለገ ወደ ውስጥ ይግባ፣ ማን እንዳወጣውም ይነገር። አሙንድሰን ባሕርን የሚያሳይ ትንሽ ካርታ ቢታከልበት ተማሪዎቼ ቆርጠው ክፍል ውስጥ ይለጥፉታል። የድቡ ፎቶም ከድረ ገጻችሁ ይነሳልን።

ከአክብሮት ጋር
የጂኦግራፊ መምህር፣ ከደሴ