ለስልክ ወዳጆችም መርዶ ይነገር

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዚሁ የአንባቢያን ዓምድ ላይ፣ በአካል ከማያውቁት ሰው ጋር በስልክ ሲጻጻፉ መዋልን የሥራ ፈት ጠባይ አድርጎ ያቀረበ ደብዳቤ አንብቤያለሁ። ጸሐፊው ካነሷቸው ነገሮች ብዙዎቹ እውነት መሆናቸውን አልክድም። ወዳጅ መስሎ ቀርቦ ገንዘብ የሚያጭበረብር ሞልቷል፤ ግድግዳ የሚጋራውን የታመመ ጎረቤት ሳይጠይቅ ባሕር ማዶ ላለ ሰው «እንዴት አደርክ» የሚልም አይጠፋም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን እንዲህ ያለው ወዳጅነት ከስልኩ ጋር አብሮ የሚዘጋ ነው ብለው መደምደማቸው ነው። ስልኩ ተዘግቶ ወዳጅነቱ ሳይዘጋ ሲቀር ምን ዓይነት ችግር እንደሚያስከትል ዘንድሮ በራሴ ደርሶ አይቼዋለሁ።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት ደብዳቤ በመለየት ነው። በአገራችን ፖስታ በየቤቱ ስለማይታደል ደብዳቤ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን በኩል ነው፤ በዚህም የተነሣ እኛ ለዪዎች አብዛኞቹን ደንበኞች በመልክ ሳናውቃቸው በሣጥን ቁጥራቸው እናውቃቸው ነበር። የብዕር ጓደኛ መያዝ በወጣቶች ዘንድ እንደ ትልቅ ነገር ይታይ በነበረበት ዘመን፣ ለየትኛው ሣጥን ከየትኛው አገር በየወሩ እንደሚጻፍ በቴምብሩና በእጅ ጽሑፉ እንለይ ነበር። አንድ ሣጥን ለብዙ ጊዜ ሳይከፈት ደብዳቤ ሲጠራቀምበት ባለቤቱ ወይ አገር ለቋል ወይ ሞቷል ብለን እንገምታለን። የቆየው ደብዳቤ በደንቡ መሠረት ምክንያቱ ተጽፎበት ለላኪው ይመለሳል፤ ምክንያቱ ግን ብዙውን ጊዜ «ያልተወሰደ» ከሚል አያልፍም። ላኪው ተቀይሞኝ ነው ብሎ ያስብ፣ ወይም እውነቱን ይጠርጥር፣ እኛ አናውቅም። በዚያን ጊዜ ይህን እንደ ሥራ እንጂ እንደ ሐዘን አላየሁትም።

አሁን በቴሌግራም የተሰባሰብን 11 ሰዎች ነን፤ ይቅርታ፣ 11 ነበርን። መነሻችን ቴምብር ነበር። በ1886 ዓ.ም. ፓሪስ ታትመው የመጡት የመጀመሪያዎቹ 7 ቴምብሮቻችን፣ ማለትም የአፄ ምኒልክ ምስል ያለባቸውና የአንበሳው ምስል ያለባቸው፣ በእጃችን የገቡ መስሎን ቅጂ ሆነው የተገኙበትን ታሪክ ስንለዋወጥ ነው የተዋወቅነው። ስለ ቴምብር በቁም ነገር የተወያየነው ግን የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ ሽንኩርት ዋጋ፣ ወደ ጉልበት ሕመም፣ ወደ ልጆች የፈተና ውጤት ሄደና እዚያው ቀረ። ከመካከላችን አንዱ ስቶክሆልም አውቶቡስ ይነዳል፤ አንዷ ጅዳ በሰው ቤት ትሠራለች፤ አንዱ ሜልበርን፣ ሁለቱ ዋሽንግተን አካባቢ ይኖራሉ፤ ከአገር ቤት ደግሞ ከሐዋሳ፣ ከድሬዳዋና ከደሴ አንዳንድ ሰው ሲኖረን እዚህ አዲስ አበባ ያለነው 3 ነን። አብዛኞቻችን ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም።

እኔ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ «እንዴት አደራችሁ» ብዬ ስጽፍ ሜልበርን ምሳ ተበልቶ አልቋል፤ ዋሽንግተን ያሉት ደግሞ የትናንቱን ቀን ገና አልጨረሱም። ገና ያልተኙ ሰዎች «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርን» ብለው ሲመልሱ ማንም አይስቅም፤ ለምደነዋል። አንድ እሑድ ሁላችንም በድምፅ እንገናኝ ተባብለን ለ3 ሰዓት ተቀጣጠርን፤ የማን 3 ሰዓት እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። አገር ቤት ያለነው በጠዋቱ ቡና አፍልተን ጠበቅን። የስቶክሆልሙ ወዳጃችን በእነሱ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ላይ ብቻውን ገብቶ ሲጣራ የሰማው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ስንይዝ «በሐበሻ» ወይም «በፈረንጅ» ማለትን ደንብ አድርገነዋል።

የተከበሩት ጸሐፊ እንዲህ ያለው ጨዋታ ፍሬ የለውም ብለዋል። ስለ ፍሬው ከሆነ በአቦል፣ በቶናና በበረካ መካከል የሚወራው ነገርም ሲመዘን ብዙ ፍሬ አይገኝበትም፤ ውሳኔ አይወሰንበትም፣ ዕውቀት አይቀሰምበትም። ሰው ቡና የሚጠራራው ወሬው አንገብጋቢ ሆኖበት ሳይሆን የቀረውን ሰው ለምን ቀረ ብሎ ለመጠየቅ ጭምር ነው። (ቡና ራሱ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቡና ከማይጠጣ ሰው ምክር መቀበል ግን ይከብደኛል።) በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ለመልሶ ማልማት ሲነሣ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ቡና አብሬያቸው የጠጣሁ ሰዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደዋል። አሁን የምንገናኘው በስልክ ነው። አንዷ ጎረቤቴ ቡና ስታፈላ የጀበናዋን ፎቶ አንሥታ ትልክልኛለች፤ እኔም «ከአቦሉ አድርሺኝ» ብዬ እመልሳለሁ። ጸሐፊው ጎረቤትና የስልክ ወዳጅ ብለው ለይተው ያስቀመጧቸው ሁለት ሰዎች ለእኛ ለአራዳ ሰዎች አንድ ከሆኑ ቆይተዋል።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልመለስ። የደሴዋ ወዳጃችን በጡረታ ላይ ያሉ የጂኦግራፊ መምህርት ነበሩ። ሁላችንም እትዬ እንላቸው ነበር። ማለዳ ከማንም በፊት የሚጽፉት እሳቸው ሲሆኑ የሚጽፉትም ስለ ጦሳ ተራራ ነበር፤ «ጦሳ ዛሬ ጭጋግ ለብሷል»፣ «ጦሳ ዛሬ ጥርት ብሏል»፣ በቃ። ደሴን አይቷት የማያውቀው የሜልበርኑ ወዳጃችን ሳይቀር እትዬ ከዘገዩ «ጦሳ እንዴት ዋለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ዘንድሮ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ጦሳ ጠፋ። መጀመሪያ ያልነው ሁሉም ሰው የሚለውን ነው፤ ኔትወርክ ነው አልን። በእኛ አገር የአንድ ሰው ዝምታ ከሞትም ከቅያሜም በፊት የሚሳበበው በኔትወርክ ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት የመጣ ልማድ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለ3 ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ነበር፤ ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ መገናኛዎች ለ5 ወራት ያህል ተዘግተው በቪፒኤን ስንሾልክ ከርመናል፤ በዚያው ዓመት ከነሐሴ ወዲህም በአማራ ክልል ብዙ ቦታዎች ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ አልነበረም። እትዬ ያኔም ለወራት ጠፍተው ኖረው፣ መሥመሩ ሲመለስ «ጦሳ የትም አልሄደም» ብለው ጽፈውልን ነበር። እንግዲህ እንዲህ ከለመደ ሰው ማን ክፉ ይጠረጥራል?

ቴሌግራም ሰው መቼ እንደታየ በግምት ይናገራል። የእትዬ ስም ሥር የነበረው ጽሑፍ «በቅርቡ» ከሚለው «በሳምንት ውስጥ» ወደሚለው፣ ከዚያም «በወር ውስጥ» ወደሚለው ተለወጠ፤ በመጨረሻም «ከረዥም ጊዜ በፊት» አለ። ለብቻቸው የላክሁላቸው መልእክት መነበቡን የሚያሳየው ሁለተኛው ምልክት ሳይመጣለት በአንድ ምልክት ቀረ። ልደውልላቸው አልቻልሁም፤ አካውንታቸው ስልክ ቁጥራቸውን አያሳይም፣ የተጠቀሙበት ስምም የአበባ ስም ነበር። ለብዙ ዓመታት ጠዋት ጠዋት እግዜር ይመስገን ስንባባል የኖርን ሰዎች የአባታቸውን ስም አንድም ቀን አለመጠየቃችንን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ለካ በደሴ ጡሩንባ ተነፍቶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ቀብራቸው ተፈጽሞ፣ ሠልስቱም አርባውም አልፎ ነበር። በመጋቢት መጀመሪያ አንድ ምሽት፣ ፎቶግራፍ ልትፈልግ የአክስቷን ስልክ ቻርጅ አድርጋ የከፈተች የእህታቸው ልጅ ከ200 በላይ መልእክት ታገኛለች። አንብባ ስትጨርስ በእትዬ ስም እንዲህ ብላ ጻፈችልን፦ «አክስቴ ጥር 13 ቀን አርፈዋል። እናንተ ግን ምናቸው ናችሁ?»

ልጅቷን አልወቅሳትም፤ ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። መልሱ ግን እስከ ማግስቱ ቀን ድረስ አልተገኘም። ዘመድ አይደለንም፣ ጎረቤት አይደለንም፣ የሥራ ባልደረባም የማኅበር አባልም አይደለንም። በወረቀት የሚጻጻፈውን ሰው የብዕር ጓደኛ ብለን ሰይመነው ነበር፤ ለእኛ ዓይነቱ የሚሆን ስም አማርኛችን ገና አላወጣም። በመጨረሻ የጅዳዋ ልጅ «ጠዋት ጠዋት ሰላም የምንባባል ነን» ብላ መለሰችላት።

የስቶክሆልሙ ወዳጃችን ይህን መርዶ ያነበበው በሁለት ጉዞ መካከል፣ መሪው ላይ ተቀምጦ ነው። አንብቦም ተሳፋሪ ጭኖ ሄደ፤ ምን ያድርግ? በባህላችን መርዶ እንዲህ አይነገርም። በውጭ አገር ላለ ሰው እንኳ እናቱ ስትሞት ደውሎ የሚነግረው የለም። በዚያ ከተማ ያሉ ወዳጆቹ ተፈላልገው፣ ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋ ሰው ይዘው፣ ማለዳ ከሥራ ሳይወጣ ቤቱ ይሄዳሉ፤ ነግረውትም ትተውት አይመለሱም። የስልክ ወዳጅ ግን መርዶ የሚያረዳው ሰው የለውም፤ ምክንያቱም ወዳጅ መሆኑን የሚያውቀው ሟቹ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ነገር ከባድ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ወዳጆች ያሉት ሰው፣ በተለይ ብቻውን የሚኖርና በዕድሜ የገፋ ከሆነ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ይነገራቸው የሚላቸውን ሰዎች ለቤተሰቡ ያሳውቅ። ቤተሰብም የሟችን ስልክ አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ማን ይጻጻፋቸው እንደነበር ይመልከት፤ ብዙ ሰው ባለበት ቦታ ድንገት ከመጻፍ ይልቅ አንዱን መርጦ በድምፅ ይንገረውና እሱ ለሌሎቹ ያድርስ። ይህም ቶሎ ቢደረግ ይሻላል። ለረዥም ጊዜ ያልሠራ የስልክ ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል፤ ያልተከፈተ የቴሌግራም አካውንትም ጊዜው ሲደርስ ራሱን ያጠፋና የሰውየው ስም በነበረበት ቦታ የተሰረዘ አካውንት የሚል ጽሑፍ ይቀራል።

እድሮችም ሊያግዙ ይችላሉ። የአባላት መዝገብ ላይ የትዳር ጓደኛ፣ የልጅ፣ የወላጅ፣ የወንድምና የእህት ስም ይሰፍራል፤ ይህም ለማን ምን ያህል እንደሚከፈል ለማወቅ ነው። እኔ ባለፈው ወር በእድራችን ስብሰባ ላይ ክፍያ የማይጠየቅበት፣ «መርዶ የሚነገራቸው» የሚል አንድ መሥመር እንዲጨመር ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ገንዘብ ያዣችን «ለቴሌግራም ድንኳን እንትከል ነው የሚሉት?» ብለው ስብሰባውን አሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል፤ እመለስበታለሁ።

እኛ የቀረነው 10 ሰዎች ግን እድር እስኪወስን አልጠበቅንም። እያንዳንዳችን የአንድ የቅርብ ሰው ስልክ ቁጥር ለሌሎች ሁለት አባላት ሰጥተናል። የጅዳዋ ልጅ የታላቅ ወንድሟን ቁጥር ስትሰጥ፣ የእሷ ነገር ከእናቷ ጆሮ በፊት ወደ እኛ እንዳይመጣ አደራ ብላለች። እኔ የሰጠሁት የልጄን ቁጥር ነው። የዘጠኙንም ስምና አገር በወረቀት ጽፌ ከእድር ደብተሬ ጋር አስቀመጥሁላት። ልጄ ወረቀቱን አገላብጣ አይታ «ከማን ልጀምር?» ስትል ጠየቀችኝ፤ ከስቶክሆልሙ ጀምሪ አልኋት፣ ግን በፊት አውቶቡሱን ማቆሙን ጠይቂው።

አክባሪያችሁ፣
ስሜ በጋዜጣው እንዳይወጣ የምጠይቅ የዘወትር አንባቢ
ከአራዳ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ