ለአጫሽ «ሳንባህ ጠቁሯል» ማለት ብቻ አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ሲጋራ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል። «ጭሱ ሳንባን ያጠቁራል» ብሎ እዚያው ላይ ማቆሙ ግን ቅር አሰኝቶኛል።

ሥራዬ የአክታና የሳንባ ናሙና በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው። ጥቁረቱ ውሸት አይደለም። በአጫሾች ናሙና ውስጥ ቆሻሻ የሚለቅሙት ሴሎች ሆዳቸው ቡናማ ብናኝ ሞልቶ አያቸዋለሁ። ዋናው ጉዳት ግን በዓይን አይታይም፤ ያለው የሴሉ የዘር መመሪያ በሆነው ዲኤንኤ ላይ ነው።

ቤንዞፓይሪንን እንውሰድ። ትምባሆ ሲቃጠል የሚፈጠር ኬሚካል ነው። ሲገባ እንዳለ ቢቀር ዲኤንኤ ላይ አይጣበቅም። ሴሉ ግን ባዕድ ነገር ስለሆነበት ሊያስወጣው ይሞክራል። በውሃ ሟሙቶ እንዲወጣ ኢንዛይሞቹ፣ ማለትም ኬሚካሎችን የሚለውጡ ፕሮቲኖቹ፣ ኦክስጅን ይጨምሩበታል። ጣጣው የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። በዚህ መሐል የሚፈጠረው ነገር ዲኤንኤው ከተጻፈባቸው አራት «ፊደላት» አንዱ በሆነው ጉዋኒን ላይ ሄዶ ይለጠፋል። ሴሉ ይህን ሳይጠግን ለሁለት ከተከፈለ፣ በጉዋኒን ቦታ ቲሚን የተባለው ሌላ ፊደል ሊገባ ይችላል። ስህተቱም ለልጅ ልጅ ሴሎች ይተላለፋል። ራሱን ሊያጸዳ የተነሳ ሴል በገዛ ኢንዛይሙ መጎዳቱ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቼም ያሳዝነኛል።

ፒ53 የሚባል ጂን፣ ማለትም የዲኤንኤ ክፍል፣ አለ። የተበላሸ ሴል እንዳይባዛ የሚከለክለው እሱ ነው። በ1996 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ይህ የቤንዞፓይሪን ውጤት ፒ53 ላይ በብዛት የሚለጠፍባቸው ቦታዎች በሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ላይ ተበላሽተው ከሚገኙት ቦታዎች ጋር እንደሚገጥሙ አሳየ። በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በቀን አንድ ፓኬት የሚያጨስ ሰው በዓመት ውስጥ በአማካይ 150 ገደማ ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ለውጥ) እንደሚጨምር ገመተ። ልብ በሉ፣ በአንድ የሳንባ ሴል ውስጥ ነው።

ነገሩ ካንሰር ብቻም አይደለም። ጭሱ የሚጠራቸው ነጭ የደም ሴሎች ኢላስቴዝ የተባለ ኢንዛይም ይለቃሉ። ይህ ኢንዛይም የሳንባ የአየር ከረጢቶች እንዲለጠጡና እንዲመለሱ የሚያደርገውን ፕሮቲን ይቆራርጠዋል። ሰውነት ለዚህ ኢንዛይም ልጓም አለው፤ ጭሱ ልጓሙንም ያላላዋል። የፈረሱት ከረጢቶች ደግሞ ተመልሰው አይሠሩም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። ናሙና ሊሰጡ የሚመጡ ሰዎች «አንዴ ጠቁሯል፣ ከእንግዲህ ባቆም ምን ዋጋ አለው?» ሲሉ እሰማለሁ። ያንገበግበኛል። በ2020 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የአሁንና የቀድሞ አጫሾችን የአየር ቧንቧ ሴሎች አንድ በአንድ መርምሮ ነበር። ሲጋራ ባቆሙት ሰዎች ላይ፣ አጭሰው ከማያውቁ ሰዎች ሴሎች ብዙም የማይለዩ ሴሎች ተገኙ። ድርሻቸውም አሁን ከሚያጨሱት ሰዎች በአራት እጥፍ ይበልጣል። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት፣ እነዚህ የታከሙ ሴሎች ሳይሆኑ ጉዳቱ ካልደረሰባቸው ጥቂት ሴሎች የተባዙ ይመስላል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ለአሥርት ዓመታት ያጨሱም ነበሩ።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ሲጋራ ስትጽፉ ይህን ሳትጽፉ አትለፉ። ሠላሳ ዓመት ያጨሰ አንባቢያችሁም ዛሬ የሚያቆምበት ምክንያት አለው።

አክባሪያችሁ
የላቦራቶሪ ባለሙያ