የውስጥ ኔትወርክ ሜይል ሰርቨር፦ ሪሌይና አሊያስ

ውድ አባላት፣

ፖስትፊክስን (ሜይል የሚልክና የሚቀበል የሰርቨር ፕሮግራም) ስታዋቅሩ ከሁሉም በፊት ማይኔትወርክስ የሚለውን መስመር፣ ማለትም በሰርቨሩ በኩል ወደ ውጭ መላክ የሚፈቀድላቸውን አድራሻዎች ዝርዝር፣ ተመልከቱ። እዚያ መግባት ያለባቸው 127.0.0.0/8 (ሰርቨሩ ራሱ) እና የራሳችሁ የውስጥ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.10.0/24፣ ብቻ ናቸው። «ለጊዜው ይሥራልን» ብሎ 0.0.0.0/0 (የዓለም አድራሻ ሁሉ) መጻፍ በሩን ለአይፈለጌ መልእክት ላኪ ሁሉ ወለል አድርጎ መክፈት ነው። አድራሻችሁ አንዴ ጥቁር መዝገብ ከገባ ማስወጣቱ እጅግ አድካሚ ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት። በአንጻሩ ከዝርዝሩ የቀረ ኮምፒውተር ወደ ውጭ ሲልክ እንደ አወቃቀሩ 454 ወይም 554 የሚል የመከልከያ ስህተት ይመለስለታል።

ወደ ውጭ የሚሄደውን ሜይል በሪሌይሆስት፣ ማለትም ሜይላችሁን ተቀብሎ ወደ ተቀባዩ በሚያስተላልፍ ሌላ ሰርቨር፣ በኩል አሳልፉት። ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ፖርት 25ን ስለሚዘጉ 587ን ከቲኤልኤስ (ግንኙነቱን ከሚመሰጥር ዘዴ) እና ከይለፍ ቃል ጋር ተጠቀሙ። የሪሌይሆስቱን ስም በማዕዘን ቅንፍ [ ] ክበቡት፤ ካልሆነ ፖስትፊክስ የኤምኤክስ መዝገብ (የአንድ ዶሜይን ሜይል የትኛው ሰርቨር እንደሚቀበል የሚናገር መዝገብ) ይፈልግና መልእክቱን ወደ ሌላ ሰርቨር ሊወስደው ይችላል። የይለፍ ቃሉን ፋይል ፖስትማፕ በሚለው ትእዛዝ ወደ ዳታቤዝ ከቀየራችሁ በኋላ የፋይሉንም የዳታቤዙንም ፈቃድ 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው) አድርጉ።

አሊያስ (ለአንድ ስም የመጣን ሜይል ወደ ሌላ ሳጥን የሚመራ ተለዋጭ ስም) ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፋይሉን አርሞ ኒውአሊያስስ የሚለውን ትእዛዝ ሳያስኬድ ሲቀር ነው። ፖስትፊክስ የሚያነበው የተጠናቀረውን ዳታቤዝ ስለሆነ አሮጌው አሊያስ እንዳለ ይቀጥላል። ዶሜይኑም ማይዴስቲኔሽን (ሰርቨሩ ሜይላቸውን ራሱ የሚቀበልላቸው ዶሜይኖች ዝርዝር) ውስጥ መኖር አለበት፤ ያለዚያ የአሊያስ ፋይሉ ጨርሶ አይታይም። የሩትን (የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ መለያ) ሜይል ሰው በየቀኑ ወደሚከፍተው ሳጥን ምሩ፤ የዲስክ መሙላት ማስጠንቀቂያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

የላኪው አድራሻ በዶት ሎካል ካለቀ የውጭ ሰርቨሮች ሊመልሱት ይችላሉ። በጄኔሪክ ማፕ (ሜይል ሲወጣ የውስጥ አድራሻን የሚቀይር ሰንጠረዥ) ወደ እውነተኛው ዶሜይን ቀይሩት፣ ፖስትፊክስ አዲሱን አወቃቀር እንዲያነብ ሪሎድ አድርጉ፣ ከዚያም ሜይልኪው የሚለውን ትእዛዝ አስኬዳችሁ ሳይላክ የቀረ ሜይል ወረፋው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ።