ሳይረኑን አጥፉልን
ይድረስ ለድንገተኛ አደጋ አገልግሎት ኃላፊ፣

ኦቲዝም ያለበት የ14 ዓመት ልጅ አባት ነኝ። ባለፈው ወጥ ቤታችን በጭስ ሲታፈን ሠራተኞችዎ ፈጥነው ደረሱልን። እግዜር ይስጣቸው። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ልጄ ሳይረኑን ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ። ጭንብል ያጠለቀው ሰውዬ «ስምህ ማነው?» አለው። ልጄም «ስምህ ማነው?» አለ። ሰውዬው የተቀለደበት መሰለው መሰለኝ፣ እየጮኸ ደገመው፤ ልጄም እየጮኸ መለሰለት። ሰውዬው ክንዱን ሲይዘው ልጄ ነከሰው።

አላሾፈም እኮ! የተባለውን መልሶ ማለት ኦቲዝም ላለባቸው ለብዙዎቹ «ሰምቼሃለሁ፣ ቆይ» እንደማለት ነው። በደህናው ቀን የሚያወሩትም ሲደነግጡ አፋቸው ሊተሳሰር ይችላል። አንድ አጭር ነገር ተናግሮ 10 ሰከንድ ዝም ማለት ይበቃ ነበር። እሳት ባለበት 10 ሰከንድ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ከግብግቡ ያጥራል። እጁን ሲያርገበግብ ወይም ሲወዛወዝም ይተዉት፤ ራሱን እያረጋጋ ነው።

ነገሩ ከንክሻም ይብሳል። በ2016 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ኦቲዝም ያለበት ሰው መንገድ ላይ ተቀምጦ በአሻንጉሊት መኪና ይጫወት ነበር። ፖሊሱ መሣሪያ የያዘ መስሎት ተኮሰ፤ ጥይቱ ያገኘው ግን አጠገቡ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ በጀርባው የተኛውን ተንከባካቢውን ነው።

ምን ይደረግ ካሉኝ፣ ስልክ የሚያነሱት ሰዎች «ቤት ውስጥ ለመናገር የሚቸገር ወይም ድምፅ የሚረብሸው ሰው አለ?» ብለው ይጠይቁ፤ አለ ከተባለ መኪናው ሲቃረብ ሳይረኑ ይጥፋ። የአምቡላንስ ሠራተኞች «የት ነው የሚያምህ?» ብለው ብቻ አይለፉ፣ ሰውነቱን ይመልከቱ፤ አጥንቱ ተሰብሮ እንኳ ላይናገር ይችላል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ጠፋ ሲባል ደግሞ መጀመሪያ በቅርብ ያለ ውሃ ይፈተሽ። ብዙዎቹን ውሃ ይስባቸዋል፣ ጠፍተው የሚሞቱትም በአብዛኛው ሰጥመው ነው። ሥልጠናውን ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ራሳቸው ቢሰጡት ደግሞ እኔ ከምለፈልፈው ይሻላል።

አንድ የግል ልመናም አለችኝ። ያረጀ ጭንብል ካላችሁ አውሱን። ልጄ ጭንብሉ ሥር ያለው ፊት የሰው መሆኑን እስኪለምድ ድረስ፣ ማታ ማታ እያጠለቅኩ ላለማምደው ነው።