አሥራ ሁለተኛው ዒላማ የት ገባ?

ለተባበሩት መንግሥታት የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ጽሕፈት ቤት
ሞንትሪያል

ክቡራንና ክቡራት፣

እ.ኤ.አ. በ2022 ማብቂያ ሞንትሪያል ላይ ተፈጥሮን ለመጠበቅ 23 ዓለም አቀፍ ዒላማዎች ሲጸድቁ በዓለም ዘንድ የገነነው ሦስተኛው ነው፤ እስከ 2030 ከየብሱም ከባሕሩም 30 በመቶው ይጠበቅ የሚለው። ሹማምንት በየመድረኩ የሚያነሡት እሱን ነው። ይገባዋል፤ እኔን ግን ያስጻፈኝ 12ኛው ነው። በከተሞች አረንጓዴና ውኃማ ስፍራዎች በስፋትም በጥራትም ይጨመሩ፣ ሕዝብም ይድረስባቸው፣ ሰው ከተፈጥሮ ጋር ያለው ትስስር ይሻሻል ይላል።

ቃሉ እንዲህ ያማረ ሆኖ ሳለ መለኪያው አነሰበት። ዋናው መለኪያ የሚጠይቀው በከተሞች ከተገነባው ቦታ በአማካይ ስንት እጁ ለሕዝብ ክፍት የሆነ አረንጓዴ ወይም ውኃማ ስፍራ እንደሆነ ነው። አማካይ ደግሞ ብዙ ይደብቃል። ባለጸጎች በሚኖሩበት ዳርቻ አንድ ሰፊ ፓርክ ያለው ከተማ ሪፖርቱ ያምርለታል፤ መሀል ላይ ተጨናንቆ የሚኖረው ልጅ ግን ዛፍ ላይ ሳይወጣ፣ እንቁራሪት ስትጮህ ሳይሰማ ያድጋል።

ጣጣው በዚያ ልጅ ላይ አያበቃም። የዓሣ ሀብት ተመራማሪው ዳንኤል ፖሊ በ1995 እንደጻፉት፣ እያንዳንዱ የተመራማሪ ትውልድ ሥራ ሲጀምር ያገኘውን የዓሣ መጠን እንደ ትክክለኛ መነሻ ይወስደዋል፤ ከዚያ በፊት የጠፋው ከሒሳብ ይወጣል። በከተማም እንዲሁ ነው። ወፍ ሳይንጫጫ በሚነጋበት ሰፈር ያደገ ሰው ዝምታውን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። ይህ ሰው ነገ መራጭ፣ ዳኛ፣ የበጀት ኃላፊ ይሆናል። ያን ጊዜ ለ30 በመቶው ማን ይሟገታል?

የከተማ ደን ባለሙያው ሴሲል ኮንይነንዳይክ በ2021 ቀላል መመዘኛ አቅርበዋል፦ ከእያንዳንዱ ቤት ቢያንስ 3 ዛፍ ይታይ፣ የእያንዳንዱ ሰፈር 30 በመቶ በዛፍ ጥላ ይሸፈን፣ ከቤት እስከ ቅርቡ ፓርክ ያለው ርቀት ከ300 ሜትር አይለፍ። (ቤት ሻጮች ዛፍ የሚያሳይ መስኮት ዋጋ እንዳለው ከመንግሥታት ቀድመው የገባቸው ይመስለኛል።) ከሦስቱ አንዳንዶቹ እንደየአየር ንብረቱ ላይሠሩ ይችላሉ፤ በረሃ ውስጥ ያለ ከተማ 30 በመቶ ጥላ ከየት ያመጣል? ርቀት መለካት ግን የትም ይቻላል።

መለኪያ የሚያጸድቁት አገሮች እንጂ እናንተ እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። ሰነዱን ለጉባኤ የምታሰናዱት ግን እናንተ ናችሁ። በሚቀጥለው ረቂቅ ላይ አንድ ጥያቄ እንድትጨምሩ እጠይቃለሁ፦ ከነዋሪው ስንት በመቶው በ300 ሜትር ውስጥ አረንጓዴ ስፍራ ያገኛል? መልሱም በየሰፈሩ ተለይቶ ይቅረብ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የከተማ ነዋሪ