ከአዊ የከሰል ክምር የሚባክነው ጭስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአዊ ዞን፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳና በአካባቢው፣ ገበሬው ማሳውን ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት ዛፍ እየተከለበት በከሰል መተዳደር ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ችግኙ በተተከለበት ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራል፤ ዛፉም 4 ወይም 5 ዓመት ሲሞላው ተቆርጦ ይከሰልና በጆንያ እየተሞላ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ያስተማረበትን ሥራ ለመንቀፍ አልጻፍሁም። የምጽፈው ከዚያው ክምር ሌት ተቀን እየወጣ ስለሚባክነው ጭስ ነው።

ክምሩን ቀርቦ ያየ ሰው የምለውን ያውቀዋል። እንጨቱ ተደርድሮ፣ ሣርና አፈር ለብሶ እሳት ሲለኮስበት መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም ነጭ ጭስ አብዛኛው የውሃ እንፋሎት ነው። ቀጥሎ ወደ ቢጫነት ይለወጥና ዓይን የሚቆጠቁጥ፣ ኮምጣጣ ሽታ ያለው ይሆናል፤ ሳስቶ ሰማያዊ ሲመስል አክሳዩ ከሰሉ መድረሱን ይረዳል። በመተንፈሻው አፍ ላይ ያለውን ድንጋይ በማግስቱ ቢነኩት እጅ ላይ የሚጣበቅ ጥቁር ቅጥራን ይገኝበታል። ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት በአፈር ክምር የሚገኘው ከሰል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ብቻ ነው፤ የቀረው ከፊሉ ነድዶ፣ ከፊሉ በዚያ ቀዳዳ ወጥቶ በሰፈሩ ላይ ይበተናል።

እንጨት በቂ አየር ሳያገኝ ሲግል ከመንደድ ይልቅ ይፈራርሳል። የእንጨቱ ቃጫ ከሆነው ሴሉሎስና ከመሰሎቹ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤን የሚያኮመጥጠው አሲድ፣ እንዲሁም ፉርፉራል የተባለ ፈሳሽ ኬሚካል ይወጣል፤ እንጨቱን አጣብቆ የያዘው ሊግኒን ደግሞ ፌኖል ወደሚባሉ ኬሚካሎች ይለወጣል። የነዳጅ ዘይት ኢንዱስትሪ ከመስፋፋቱ በፊት ዓለም ሜታኖልን (የእንጨት አልኮልን) እና አሴቲክ አሲድን ያገኝ የነበረው በአብዛኛው እንጨትን እንዲህ በማጋል ነበር። ዛሬ ደግሞ ውፍረቱ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ እርጥበቱም ከ10 በመቶ በታች የሆነ የእንጨት ፍርፋሪ በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በፍጥነት ግሎ እንፋሎቱ በ2 ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ እንዲቀዘቅዝ ከተደረገ፣ ከክብደቱ ከ60 እስከ 75 በመቶ የሚደርሰው ባዮ ኦይል የሚባል ጥቁር ቡናማ ፈሳሽ ይሆናል።

ይህን ፈሳሽ ናፍጣን የሚተካ አድርጎ ለገበሬው መንገር ግን ስሕተት ነው። ከ15 እስከ 30 በመቶው ውሃ ነው፤ አሲድነቱ ብረት ይበላል፤ ሲቀመጥ ይወፍራል፤ በኪሎ የሚሰጠውም ሙቀት ናፍጣ ከሚሰጠው ከግማሽ በታች ነው። በፋብሪካ ማሞቂያ ምድጃ ይነድዳል እንጂ ሳይጣራ ለመኪና ሞተር አይሆንም። ስለዚህ በእኔ እምነት ለጎጃም የሚበጀው ከነዳጁ ይልቅ ኬሚካሉ ነው፤ ለምሳሌ ፌኖሉ ኮምፔርሳቶ ለማጣበቅ የሚያገለግለውን፣ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራውን ሙጫ በከፊል ሊተካ ይችላል።

ለመጀመር ትልቅ ፋብሪካ መጠበቅ አያስፈልግም። በሴኔጋል የካሳማንስ ክምር የሚባለው አሠራር ከተራው የአፈር ክምር የሚለየው በዋናነት ጭስ ማውጫ ስላለው ነው፤ በዚህም ከሰሉ ይጨምራል፣ ቅጥራኑም ይጠራቀማል። በእስያ አገሮች ጭሱን በረጅም የቀርከሃ ቧንቧ አሳልፈው፣ የቀዘቀዘውን የእንጨት ኮምጣጤ በፕላስቲክ ዕቃ ይቀበሉታል። እንጅባራና አካባቢው ቀርከሃ አይቸገርም። ባዮ ኦይል ለሚገኝበት ፈጣን ዘዴ ደግሞ ሊታሰብ የሚገባው በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ እንጨት ቤቶች ደጃፍ የሚከመረው ሰጋቱራ ነው፤ አስቀድሞ የደቀቀ በመሆኑ የመፍጫ ወጪ ይቀንሳል።

ጭራሮውን ግን እንዳትነኩት እለምናለሁ። በወረቀት ላይ «የእንጨት ተረፈ ምርት» ተብሎ የሚመዘገበው ቅርንጫፍ በገጠር የእናቶች ማገዶ ነው፤ እርሱን ወደ ማሽን መውሰድ እነርሱን ሌላ ዛፍ ፍለጋ መላክ ነው። ከጆንያው ሥር የሚቀረው የከሰል ብናኝም ቢሆን የአዊን አሲዳማ አፈር ለማከም ይረዳልና ወደ ማሳው ቢመለስ ይሻላል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዲከረንሱን በሽታ ስለመታው ገበሬው በከሰል ብቻ ተማምኖ መቀጠል አይችልም። የግብርና ባለሙያዎችና በጎጃም ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ፈቃደኛ ገበሬ ክምር ላይ ጭስ ማውጫና የቀርከሃ ቧንቧ ገጥመው የሚወርደውን ፈሳሽ ይለኩ፤ በቤተ ሙከራም ምን ምን እንደያዘ ይመርምሩ። ውጤቱ ተጽፎ እስኪሰጥ ድረስ ፈሳሹን ማንም ሰው ለከብት ቁስል እንዳይቀባው፣ ለመጠጥም እንዳያቀርበው በየቀበሌው ይነገር፤ በውስጡ ያለው ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ቅጥራኑም መርዛማ ነገሮች አሉት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዊ ዞን