ስምሽን ላስገባው ወይስ ልተወው?

ወዳጄ፣ እንደምን ከርመሻል?

ስለጠፋሁ ይቅርታ። ሰበብ አልደረድርም፤ ደግሞ አንቺም አልፈለግሽኝም፣ እኩል ነን። ጤና ነኝ፣ ሥራውም ያው ነው፣ የሚወራ የለውም። ጉዳይ ካልያዘኝ እንደማልጽፍ ታውቂያለሽና በቀጥታ ልግባ።

ባትማኔን አልተውኩትም። በይ ሳቂ፤ ስትጨርሺ ቀጥዪ። ያ አንቺ ግድያውን እያሰብሽ እኔ የባትማንን ከተማ ጎታምን ሳለብሰው የነበረው፣ ጀማምረነው የተበታተንበት ፋን ፊክሽን (አድናቂ በሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ የሚጽፈው ታሪክ)፣ ብቻዬን ገፋሁበትና አሁን የመጨረሻው ክፍል ላይ ደርሻለሁ። አንባቢ አለኝ ብልሽ ታምኛለሽ? የሚያስጨንቁኝም እነሱው ናቸው። ነፍሰ ገዳዩን መፈለጉን ትተው እኔ የደበቅኳቸውን ነገሮች ይለቅማሉ።

አንቺ ኮሚክ የሚባለውን የሥዕል ታሪክ መጽሔት ገልጠሽ ስለማታውቂ ላስረዳሽ። እኛ የልዕለ ጀግና ወዳጆች የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚያየውን ነገር ታሪካችን ውስጥ መወሸቅ እንወዳለን። የፖሊስ መዝገብ ቁጥር ሲያስፈልገኝ ዝም ብዬ 27 አደርገዋለሁ፤ ባትማን እ.ኤ.አ. በ1939 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዲቴክቲቭ ኮሚክስ 27ኛ እትም ላይ ነውና። የሚያውቅ ፈገግ ይላል፣ የማያውቅ ቁጥሩን አንብቦ ያልፋል፣ ማንም አይጎዳም። እኔ እንዲያ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ የሰዓቱ ጉድ መጣ። በሟቹ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዓት ከሃያ አንድ ላይ የቆመ ሰዓት አለ። የልብ ወለዱ መርማሪ ሼርሎክ ሆልምስ የሚኖረው ቤከር ጎዳና ቁጥር 221ቢ ስለሆነ ለእሱ ክብር ስል ያደረግኩት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። (እሱና ባትማን እ.ኤ.አ. በ1987 በዚያው ኮሚክ 572ኛ እትም ላይ ተገናኝተዋል፤ ከሜዳ ተነስቼ አላዛመድኳቸውም።) አንድ አንባቢ ታዲያ ረጅም ሐተታ ላከልኝ። ሟቹ የሞተው ሁለት ከሃያ አንድ ላይ ከሆነ፣ ወጥ ቤቷ በዚያ ሰዓት ከቤት ወጥቼ ነበር ያለችው ውሸት ነው፤ ስለዚህ ገዳይዋ እሷ ናት ብሎ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል። ልክ ነው እኮ! ማለቴ ገዳይዋስ እሷ አይደለችም፤ አካሄዱ ግን ልክ ነው። በመርማሪ ታሪክ ውስጥ ሰዓት ዝም ብሎ አይቆምም። ከቆመ ፍንጭ ነው፣ ፍንጭ ካልሆነ ደግሞ አንባቢውን አታለልሽው ማለት ነው።

የምኮራበት ፖስተሩ ነው። ባትማን በዝናብ አንድ በተዘጋ ሲኒማ ቤት በኩል ሲያልፍ ግድግዳው ላይ የተቦጫጨቀ ፖስተር አለ፤ ጭንብል ያጠለቀ፣ ሰይፍ የመዘዘ ሰው ይታያል። ባትማን ፊቱን ያዞራል፣ እርምጃውን ያፈጥናል፣ አለቀ። በብዙዎቹ ኮሚኮች የትንሹ ብሩስ (የባትማን እውነተኛ ስሙ ነው) ወላጆች የተገደሉት ሦስቱም ዞሮ ስለተባለው ሰይፈኛ የተሠራ ፊልም አይተው ሲወጡ ነው። ይህን የሚያውቅ አንጀቱ ይላወሳል። የማያውቅም ቢሆን ሰውየውን አንድ ነገር እንዳመመው ይገባዋል። ሁሉንም እንዲህ ባደረግኳቸው ኖሮ!

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ። ሟቹ ስመ ጥር ጸሐፌ ተውኔት ነው። ገዳዩ የሚኖርበትን ጎዳና ደግሞ ገና በሁለተኛው ክፍል ፊንገር ብዬዋለሁ። ቢል ፊንገርን አታውቂውም፤ ብዙ ሰው አያውቀውም፣ የነገሩ መራራነትም እሱው ነው። ቦብ ኬን የተባለው ሠዓሊ ባትማንን መጀመሪያ ሲነድፈው ቀይ ልብስና ግትር ክንፍ ነበር ያለበሰው። ክንፉን በካባ፣ ቀዩን በግራጫ ያስለወጠው፣ ያንን ባለ ጆሮ ጭንብል ያመጣው፣ የመጀመሪያውን ታሪክ የጻፈው፣ ከተማዋንም ጎታም ያላት ፊንገር ነው። ከአሳታሚው ጋር የተዋዋለው ግን ኬን ብቻ ነበርና ፈጣሪ ተብሎ ስሙ የሚታተመው እሱ ብቻ ሆኖ ቀረ። ፊንገር እ.ኤ.አ. በ1974 ሞተ። ስሙ በይፋ ከኬን ስም ጎን የገባው በ2015 ነው። 76 ዓመት! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የእኔም ገዳይ ለሟቹ ተውኔቶቹን ሁሉ ሲጽፍለት ኖሮ ስሙ ያልወጣ ሰው ነው። ገባሽ? የፊንገርን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ሁለተኛው ክፍል ላይ ገዳዩንም ምክንያቱንም በአንድ ጊዜ ያገኛል። የማያውቀው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቢቆፍር ያንን ፍንጭ አያገኘውም፤ ያለው ከታሪኩ ውጭ ነዋ። የጎዳናውን ስም ልለውጠው ብዕሬን ባነሳ እጄ እምቢ አለኝ። ሰውየው ያን ሁሉ ዘመን ተሰርዞ ኖሮ እኔም ደግሜ ልሰርዘው?

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ስጀምር ሐሳቤ አንቺን መሞከሪያ ማድረግ ነበር። ምንም የማታውቅ አንባቢ ገዳዩን ትደርስበት እንደሆነ ለማየት። ይኸው አፌን መግታት አቅቶኝ ገዳዩን እስከ ምክንያቱ ዘረገፍኩልሽ። አትሆኚኝም አሁን።

ምናልባት እሱም ሰበብ ነበር። ወጥ ቤቷ፣ መርዙ፣ ስሙ የተሰወረው ጸሐፊ፣ ሁሉም ያንቺ ሐሳብ ነው። ያኔ «ስሜን እንዳታነሺ» ብለሽ አስምለሽኛል፤ እኔም እስካሁን ትንፍሽ አላልኩም። ስለ ፊንገር እየጻፍኩ ግን ነገሩ አልዋጥ አለኝ። ስለዚህ፣ እንዴት ብዬ ልበልሽ፣ ስምሽን ከስሜ ጎን ላስገባው? ሙሉ ስምሽ ከከበደሽ የብዕር ስም አውጪ። አልፈልግም ካልሽም አልቀየምሽም። ትንሽ እቀየማለሁ።

ደግሞ ሳላስፈቅድሽ ያስገባኋት አንዲት ሴት አለች። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ እርሳሷን ፀጉሯ ላይ ሰክታ እርሳሴን ማን ወሰደው እያለች ኮሚሽነር ጎርደንን ሳይቀር የምታመናጭቅ። አንባቢዎቼ ማን እንደሆነች ሊደርሱባት አልቻሉም። አንዱ የድሮ ኮሚክ ውስጥ እንዳያት እርግጠኛ ነኝ ብሎ እስካሁን እትሞቹን እያገላበጠ ነው።

ክፍሎቹን አብሬ ልኬልሻለሁ። የጎዳናውንም የስምሽንም ነገር የመሰለሽን ጻፊልኝ፤ መልስሽ ሳይደርሰኝ አላወጣውም። የመጨረሻውን ክፍል ግን አስቀርቼዋለሁ፣ ከኋላ የመጀመር አመልሽን አውቀዋለሁ። ገዳዩን አውቄዋለሁ ብለሽ እንዳትኩራሪ፤ እንዴት እንደሚያዝ አልነገርኩሽም።

ያችው ጓደኛሽ